በባሕር ዳር የመኖሪያ ቤት ማኅበር ለመግባት፦ ከወረቀቱ እስከ መሠረት ቁፋሮው

«ምዝገባው መቼ ነው?» በለቅሶ ቤት፣ በባጃጅ ውስጥ፣ አንዳንዴም ከመሸ በኋላ በስልክ የምጠየቀው ይህንኑ ነው። የአንድ መኖሪያ ቤት ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ ስለሠራሁ ቀኑን የማውቅ ይመስላቸዋል። ቀኑን የሚወስነው አስተዳደሩ ነው። እኔ የማውቀው ማስታወቂያ ሲለጠፍ የሚሰጠው ጊዜ አጭር፣ የሚጠየቀው ወረቀት ደግሞ ብዙ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከ1 እስከ 4 ያሉትን ደረጃዎች ማስታወቂያ ሳይወጣ ጨርሷቸው።

ይህ መመሪያ በከተማው አስተዳደር በኩል በማኅበር ተደራጅተው፣ ቁጠባ በዝግ ሒሳብ አስገብተው የቤት መሥሪያ ቦታ ለሚጠባበቁ ነው። ኮንዶሚኒየም ለምትጠብቁም (20/80 የሚባለው ገዢው 20 በመቶውን ቆጥቦ 80 በመቶውን በረጅም ጊዜ የባንክ ብድር የሚከፍልበት ነው) የወረቀቱ ክፍል ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የነዋሪነት መታወቂያ፣ ዋናውና ኮፒው፣ የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈ
- የፋይዳ ቁጥር (12 አሃዝ ያለው)
- ያገባችሁ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ያላገባችሁ ያላገባ ማስረጃ፣ የተፋታችሁ የፍቺ ውሳኔ፣ የትዳር ጓደኛ የሞተባችሁ የሞት ምስክር ወረቀት
- ከሌላ ቦታ የመጣችሁ ከሆነ መሸኛ
- የገቢ ማስረጃ፦ ለደመወዝተኛ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ለነጋዴ የታደሰ ንግድ ፈቃድ
- ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ቢያንስ ስምንት
- አንድ ጠንካራ ክላሰር፣ አንድ ባለ መስመር ደብተር

ደብተሩን እንደ ትርፍ ነገር አትቁጠሩት። የት እንደሄዳችሁ፣ በስንት ቀን እንደሄዳችሁ፣ ማን ምን እንዳላችሁ የምትጽፉበት ነው። «ባለፈው ሳምንት መጥቼ ነበር» ማለትና «ጥር 14 ቀን ጠዋት መጥቼ 7 ቁጥር ቢሮ ይህን ተብያለሁ» ማለት እኩል አይሰማም።

1. ስማችሁን በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ አድርጉ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው ይህ ነው። አንድ ወረቀት ወስዳችሁ አራት ረድፍ አስምሩ፦ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የባንክ ደብተር፣ የጋብቻ ወረቀት። ስማችሁን፣ የአባትና የአያት ስማችሁን በእያንዳንዱ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ገልብጡ። በምትገለብጡበት ጊዜ አታርሙ። «ኃይለማርያም» በአንዱ፣ «ሃይለ ማሪያም» በሌላው ከሆነ እንደዚያው ጻፉት።

በማኅበራችን የነበሩ አንዲት እናት መታወቂያቸው ላይ የአባታቸው ስም «ወልደ ገብርኤል» ይላል፤ የባንክ ደብተራቸው ላይ ደግሞ «ገብርኤል» ብቻ። ገንዘቡ የእርሳቸው መሆኑን የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። ነገር ግን የአባላቱን ዝርዝር ከባንኩ ዝርዝር ጋር የሚያስተያየው ሠራተኛ ሰውየዋን አያውቃቸውም፤ የሚያየው ፊደል ነው። ሦስት ሳምንት ተመላለሱ፣ በእርሳቸው ምክንያትም የሃያ ሰው ፋይል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

ልዩነቱ የፊደል ብቻ ከሆነ በማመልከቻ ይታረማል። ስሙ ራሱ ሌላ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንዱ የክርስትና ስም ሌላው የዓለም ስም ከሆነ፣ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሊሄድ ስለሚችል ዛሬውኑ ጀምሩት። የትውልድ ዘመናችሁንም እግረ መንገዳችሁን እዩ። አንዱ ወረቀት በእኛ አቆጣጠር ሌላው በአውሮፓ ከሆነ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያያል፤ ለሚያየው ሰው ሁለት የተለያየ ሰው ትመስላላችሁ።

2. የነዋሪነት ዘመናችሁ ከመቼ እንደሚቆጠር አረጋግጡ

ብዙ ሰው «ባሕር ዳር አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ» ይላል። የሚቆጠረው ግን ከአውቶቡስ የወረዳችሁበት ቀን ሳይሆን በቀበሌው መዝገብ የተጻፋችሁበት ቀን ነው። ከቢቸና፣ ከደብረ ታቦር ወይም ከሌላ ቦታ መጥታችሁ መሸኛ ያላስገባችሁ ከሆነ በመዝገብ ላይ አሁንም የዚያ ሰው ናችሁ። ሄዳችሁ መሸኛውን አምጡ። በአስተዳደሩ ውስጥ ከአንድ ክፍለ ከተማ ወደ ሌላው፣ ለምሳሌ ከጣና ወደ በላይ ዘለቀ፣ የተዛወራችሁም መዝገባችሁ አብሯችሁ መዛወሩን ጠይቁ። ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁ በቤት ቁጥሩ ላይ እንዳስመዘገባችሁ እዩ፤ አከራይ ግብር ፈርቶ ተከራዩን የሚደብቅበት ጊዜ አለ፣ ጉዳቱ የሚደርሰው ግን በእናንተ ነው።

3. የቤተሰብ ሁኔታችሁን በወረቀት አስቀምጡ

ባልና ሚስት ለዚህ ጉዳይ አንድ ናቸው። አንደኛው በአንድ ማኅበር፣ ሌላኛው በሌላ ማኅበር ቢገባ ዕድል በእጥፍ አይጨምርም፤ ሲደረስበት ሁለቱም ይሰረዛሉ። ያላገባ ማስረጃ አውጥቶ የተመዘገበ ሰው ከጊዜ በኋላ ቢያገባ ጋብቻውን ለማኅበሩ ያሳውቅ። ለመመዝገብ ሲሉ በወረቀት ብቻ የሚፋቱም አይቻለሁ። የፍቺ ውሳኔ የንብረት ክፍፍልን ይዞ እንደሚመጣ የሚያስታውሱት ኋላ ነው።

በጉልት ወይም በጉልበት ሥራ የምትተዳደሩና የንግድ ፈቃድ የሌላችሁ ከሆነ የገቢ ማስረጃውን ከቀበሌ በምስክር ማግኘት ይቻል እንደሆነ በዚሁ ጊዜ ጠይቁ።

4. ቤትም ቦታም እንደሌላችሁ የሚያረጋግጥ ወረቀት ጠይቁ

እዚህ ላይ «በስሜ ምንም የለም» ብሎ ከመፈረም በፊት አስቡ። ከወላጅ በውርስ የመጣ ድርሻ አለ? ከዚህ በፊት ከመንግሥት ቦታ አግኝታችሁ ሸጣችኋል? የትዳር ጓደኛችሁስ? ፎርሙ ላይ የምትፈርሙት ለራሳችሁ ብቻ ሳይሆን ለቤተሰባችሁ ነው፤ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ቦታውን ማጣት ብቻ ሳይሆን በወንጀል መጠየቅም አለ። የቀበሌ ቤት ተከራይ መሆን ባለቤት አያደርጋችሁም። ይሁን እንጂ የራሳችሁ ቤት ሲደርስ የቀበሌውን ቁልፍ እንድታስረክቡ ልትጠየቁ ስለምትችሉ ያንን ከወዲሁ በሐሳብ ያዙት።

ማስጠንቀቂያ፦ ስትጠብቁ የሚመጣባችሁ ሰው

ይህን የማስገባው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ወረቀቱን ጨርሶ የተቀመጠ ሰው ደላላው ዘንድ የሚሄደው በዚህ መሐል ነው። ደላላው በዘንዘልማ ወይም በመሸንቲ በኩል «ከገበሬው በቀጥታ» ቦታ ያሳያችኋል። መሬት በኢትዮጵያ አይሸጥም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተጻፈ ነው። ገበሬው የሚሰጣችሁ የእጅ ጽሑፍ፣ ሽማግሌ የፈረመበትም ቢሆን፣ የማይሸጥ ነገር የተሸጠበት ወረቀት ነው። በላዩ የምትሠሩት የጨረቃ ቤት ይባላል፤ በሌሊት ቆሞ በቀን የሚፈርስ።

ሁለተኛው ወጥመድ የሐይቁ ዳር ነው። ጣና በሰኔ መግቢያ ዝቅ ይላል፣ በመስከረም ይሞላል። በግንቦት «ደረቅ ቦታ» ተብሎ የሚታያችሁ ባሕር ሸሽ መሬት በመስከረም ውኃ ይተኛበታል። ከዚያም በላይ የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ ነው፤ ከደንገሉ አጠገብ ለመኖሪያ የሚሰጣችሁ ሕጋዊ ወረቀት አትጠብቁ።

በከተማው ሥር በገባ የገጠር ቀበሌ የምትኖሩና የእርሻ ይዞታ ያላችሁ ደግሞ መንገዳችሁ ሌላ ነው። የይዞታ ደብተራችሁ ላይ የባልም የሚስትም ስም መኖሩን፣ ስፋቱም በትክክል መስፈሩን አሁን እዩ። መሬቱ ለልማት ሲወሰድ ካሣና ምትክ የሚሠራው በአዋጅ 1161/2011 መሠረት ሲሆን መነሻው ያ ደብተር ነው። አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜ በቀን የተቆጠረ ስለሆነ የውሳኔ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ የደረሰበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙ። ቀደም ብሎ ለደላላ «የሸጠ» ገበሬ ካሣው ሲመጣ ከገዢው ጋር ፍርድ ቤት ይገናኛል።

5. ማስታወቂያው ሲወጣ እነዚህን ስድስት ነገሮች ገልብጡ

ፎቶ ማንሳቱ ጥሩ ነው፤ በእጅ መገልበጡ ግን እንድታነቡት ያስገድዳል። (ሀ) የሚጠየቀው የነዋሪነት ዘመንና እስከ የትኛው ቀን እንደሚቆጠር፣ (ለ) የአንድ ማኅበር አነስተኛና ከፍተኛ የአባል ቁጥር፣ (ሐ) ቅድሚያ የሚቆጠበው ገንዘብና የሚገባበት ባንክ፣ (መ) የመጨረሻ ቀን፣ (ሠ) ቦታው ለየብቻ ተሸንሽኖ ነው ወይስ የጋራ ሕንፃ የሚሠራበት፣ (ረ) ከቁጠባው ውጪ ያለ መዋጮ፣ ለምሳሌ ለተነሺ አርሶ አደሮች ካሣ። ባለፈው ጊዜ የነበረውን ቁጥር ከጎረቤት ሰምታችሁ አትሂዱ። መመሪያ ይሻሻላል፤ ጎረቤት አይሻሻልም።

6. ማኅበርተኛችሁን ምረጡ

ቁጥር ለመሙላት ብቻ ሰው አትሰብስቡ። ለዓመታት የምትፈራረሙት ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው፦ በእድር ወይም በዕቁብ አብሯችሁ የቆየ፣ ተራው ከደረሰው በኋላም መክፈሉን ያላቆመ ሰው። ዕቁብ በልቶ የጠፋ ሰው ማኅበር ውስጥም ይጠፋል፤ እዚህ ግን የእርሱ መጉደል የሁላችሁን ፋይል ያስቆማል። ስለዚህ ከአነስተኛው ቁጥር ሁለት ሦስት ሰው አስበልጡ።

ስብሰባ ጠርታችሁ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ተቆጣጣሪ ምረጡ። በኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፤ ብዙ የቆጠበ ሁለት እጅ አያወጣም። ቃለ ጉባኤው ቀን፣ የተገኙና የቀሩ አባላት ስም፣ የተወሰነው ነገርና የእያንዳንዱ ፊርማ ይኑረው። ከዚያ መተዳደሪያ ደንቡን ይዛችሁ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽሕፈት ቤት ለምዝገባ ሂዱ። በደንቡ ውስጥ ሦስት ነገር መኖሩን ሳታዩ አትፈርሙ፦ አባል ሲወጣ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ፣ ሲሞት ማን እንደሚተካ፣ ሳይከፍል ሲቀር በስንት ማስጠንቀቂያ እንደሚሰናበት። ሲስማሙ የማይታሰቡ፣ ሲጣሉ የሚፈለጉ አንቀጾች እነዚህ ናቸው።

7. ገንዘቡን በዝግ ሒሳብ አስገቡ

ዝግ የተባለበት ምክንያት አለው፦ ገንዘቡ ለቤት ሥራው እንጂ ለሌላ ነገር እንዳይወጣ፣ ሰብሳቢውም ብቻውን ሄዶ እንዳያወጣው ነው። የሚለቀቀው የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ሲጽፍ ነው። ከዚህ የሚከተለው ለአባል አንድ ሕግ ነው፦ ብር በማንም እጅ አይለፍ። ገንዘብ ያዡ ወንድማችሁ ቢሆን እንኳ እናንተው ባንክ ሄዳችሁ አስገቡ፤ የባንኩን ደረሰኝ ዋናውን ክላሰራችሁ ውስጥ፣ ኮፒውን ለጸሐፊው። በደረሰኙ ላይ ስማችሁ በደረጃ 1 እንዳስተካከላችሁት መጻፉን መስኮቱን ሳትለቁ አንብቡ።

አቅዱበት። ለምሳሌ ያህል የግንባታው ግምት 800,000 ብር፣ ቅድሚያ ቁጠባው 20 በመቶ ቢባል 160,000 ብር ነው፤ 20 ወር ካላችሁ በወር 8,000 ብር ይሆናል። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ናቸው፤ የእናንተን ከማስታወቂያው አስገቡበት። የወሩ ድርሻ ከቤት ኪራያችሁ ጋር ተደምሮ ከገቢያችሁ ግማሽ ካለፈ ወደ ማኅበሩ ከመግባታችሁ በፊት ተናገሩ። በመጨረሻው ሳምንት ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ የሚሞላ ሰው ቤቱ ሳይቆም ዕዳው ይቆማል። ዕቁብ ያላችሁ ግን ተራችሁን ከማስገቢያው ቀን ጋር ማገጣጠም ትችላላችሁ፤ በማኅበራችን ግማሹ አባል እንደዚያ ነው የሞላው።

8. ፋይሉን አስገቡ፣ ቁጥሩንም ተቀበሉ

ደብዳቤ አስገብቶ መሄድ ማስገባት አይደለም። የራሳችሁ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመትታችሁ ውጡ። ያ ማኅተም ከሌለ ደብዳቤው ቢጠፋ ያልጻፋችሁት ያህል ነው። የሁሉንም አባል ፋይል በአንድ ቅደም ተከተል አድርጉ፤ የመጀመሪያው መታወቂያ ከሆነ የሁሉም መታወቂያ ይሁን። የሚያገላብጠው ሠራተኛ ሃያኛው ላይ ሲደርስ ደክሞታል፣ የጎደለውን ፍለጋ አይገባም፤ «አልተሟላም» ብሎ ይመልሳል። የሰኔን መጨረሻ ሳምንት ደግሞ አትምረጡ፤ መሥሪያ ቤቶች በጀት የሚዘጉበት ነው።

በየጊዜው የማያቸው ስህተቶች

ኮፒ ይዞ ዋናውን ቤት መርሳት። የታጠፈ፣ ዘይት የነካው የጋብቻ ወረቀት። ወደ ውጭ የሚሄድ አባል ለእህቱ በቃል «አንቺ ተከታተይልኝ» ብሎ መሄዱ፤ በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ ውክልና ከሌላት ፊርማዋ አይሠራም። ስልክ ቁጥር ቀይሮ ለጸሐፊ አለመንገር፣ ከዚያ ስብሰባ አልተጠራሁም ማለት። ከሁሉም የሚከፋው ግን ዕጣ ሳይወጣ ወይም ውል ሳይፈረም «ድርሻዬን» ብሎ መሸጥ ነው። ገዢው የያዘው ወረቀት በጽሕፈት ቤቱ አይታወቅም፣ ሻጩ ደግሞ ዳግመኛ ከመንግሥት ቦታ የመጠየቅ ዕድሉን ያቃጥላል።

9. ዕጣው ሲወጣ፣ የሊዝ ውሉን አንብቡት

ዕልልታው ካለፈ በኋላ ውሉ ይመጣል። በሊዝ አዋጅ 721/2004 ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው፤ ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ አያንስም፣ ቀሪው በየዓመቱ ይከፈላል። ጣታችሁን በመስመሩ ላይ እያስኬዳችሁ የምታነቡት አንቀጽ ግን ግንባታ የሚጀመርበትና የሚጠናቀቅበት ጊዜ ነው። በጊዜው ያልተጀመረ ቦታ ውሉ ሊቋረጥ ይችላል። ቀኑን ደብተራችሁ ላይ አስፍሩ፤ በቤታችሁ ግድግዳ ላይም ለጥፉት። ያገባችሁ ከሆነ ውሉና ካርታው በሁለታችሁም ስም መሆኑን አረጋግጡ፤ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት የጋራ ነው፣ ወረቀቱም ይህንኑ ቢናገር ኋላ ከክርክር ያድናችኋል።

10. ቦታውን በሜትር ተረከቡ

ቀያሹ ችካል መትቶ ሲሄድ «ይኸው» ብላችሁ አትመለሱ። 30 ሜትር ያለው ሜትርና ሁለት ሰው ይዛችሁ ሂዱ። አራቱን ጎን ለኩ፣ ከዚያ ሰያፉን። ቦታችሁ 10 በ15 (150 ካሬ) ከሆነ ከማዕዘን እስከ ማዶው ማዕዘን በሁለቱም በኩል 18 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር መምጣት አለበት። አንዱ 17 ከ80፣ ሌላው 18 ከ25 ከመጣ ጎኖቹ ልክ ቢሆኑም ቦታው ተጣሟል፤ የጎረቤታችሁ ግድግዳ ወይ እናንተ ላይ፣ ወይ የእናንተ እርሱ ላይ ይገባል። ቀያሹ ሳይሄድ አሳዩት። ከዚያ በችካሉ ሥር በሲሚንቶ የተያዘ ድንጋይ ቅበሩና ከቋሚ ነገር፣ ከመንገድ ጠርዝ ወይም ከመብራት ምሰሶ፣ ያለውን ርቀት ጻፉ። ከአንድ ክረምት በኋላ ሣሩ ወገብ ይደርሳል፣ እንጨቱን እረኛ ነቅሎታል፤ የቀረላችሁ ያ ቁጥር ነው።

11. ከመቆፈራችሁ በፊት

የግንባታ ፈቃድ ከሕንፃ ሹም ውሰዱ። በሕንፃ አዋጅ 624/2001 ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ ቤት ከምድቦቹ ቀላሉ በሆነው በምድብ «ሀ» ነበር፤ አሁን በየትኛው እንደሚገባ ሹሙን ጠይቁና ፕላኑን አቅማችሁ በሚፈቅደው ልክ አሠሩ። በአንድ ጊዜ መጨረስ የማትችሉ ከሆነ ሙሉው ፕላን ጸድቆ መጀመሪያ አንድ ክፍልና መጸዳጃ የሚቆምበት አድርጋችሁ ንደፉት። ያለ ፕላን ሠርቶ ኋላ ክፍል የሚቀጥል ሰው ጣሪያውን ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ገንዘባችሁን የምታጠፉት ወይም የምታድኑት መሬት ውስጥ ነው። ባሕር ዳር ዙሪያ ብዙው ቦታ ዋልካ ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ያብጣል። በላዩ የተቀመጠ ቤት በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይነሣል፣ አንድ ጊዜ ይወርዳል፤ በመስኮት ጥግ የሚታየው ሰያፍ ስንጥቅ ከዚያ የመጣ ነው እንጂ ከብሎኬቱ አይደለም። ጥቁሩ አፈር አልቆ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ቆፍሩ። ከጠለቀባችሁ ጥቁሩን አውጥታችሁ ገረጋንቲ በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ። ግንበኛው የወጣውን አፈር «ለወለል መሙያ» ብሎ ሲመልሰው ካያችሁ አስቁሙት፤ ወለሉን የሚያፈነዳው ያ ነው።

ቁፋሮውን ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ አድርጉ። ወደ ሐይቁና ወደ ዓባይ ዝቅ ባለው በኩል ያላችሁ በተለይ፣ በክረምት ጉድጓዱ ከላይ በዝናብ ብቻ ሳይሆን ከሥርም ውኃ ያመነጫል። ዝናብ ከቀደማችሁና ጉድጓዱ ውኃ ከያዘ ውኃውን ቀድታችሁ ብቻ አርማታ አታፍስሱ፤ ከሥር የለሰለሰውን ጭቃ ደረቁ እስኪታይ በአካፋ ጥረጉት፣ ከዚያ አፍስሱ።